ቤተሰብና የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በጅቡቲ ከተማ

በጅቡቲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት አምስት ዓመት ይፈጃል። ልጅ በስድስት ዓመቱ ይገባል፤ ክፍል ሳይደግም ከዘለቀ በአሥራ አንድ ዓመቱ ኮሌዥ ወደሚባለው የአራት ዓመት መካከለኛ ደረጃ ይሻገራል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የትምህርት አቅጣጫ ሕግ ከ6 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች ትምህርትን ነፃና ግዴታ አድርጎታል። የማስተማሪያው ቋንቋ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ፈረንሳይኛ ሲሆን፣ ዓረብኛ ራሱን ችሎ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል። በየቤቱ የሚነገረው ግን ሌላ ነው፤ በብዙው ቤት ሶማሊኛ፣ በሌላው አፋርኛ፣ በየመናውያን ዘንድ ዓረብኛ፣ በኢትዮጵያውያን ዘንድ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ። ቤተሰብ ልጁን በትምህርቱ እንዴት ይርዳ የሚለው ጥያቄ በየአገሩ ይነሳል። በዚች ከተማ ግን የሚነሳው ጠበቅ ብሎ ነው፤ እዚህ ብዙ ወላጅ የልጁን ደብተር ከፍቶ ማንበብ አይችልም።

ፍላጎት አልጎደለም። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ ወደ 3,000 የሚጠጉ ልጆችን ለዓመታት የተከታተለው «ያንግ ላይቭስ» የተባለው ጥናት፣ ድሃ ቤተሰቦችም ሳይቀሩ ልጆቻቸው ከፍተኛ ትምህርት እንዲደርሱ አጥብቀው እንደሚመኙ አሳይቷል። ከድሬዳዋ፣ ከሐረርጌ ወይም ከወሎ ተነስቶ ጅቡቲ የገባ የወደብ ሠራተኛም ሆነ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እናት ከዚህ የተለየ ምኞት የላቸውም። የሚቸግረው ምኞቱን ወደ ዕለት ተዕለት ሥራ መለወጡ ነው፤ ብዙ ድካም የሚባክነውም እዚያው ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ በጄምስ ኮልማን መሪነት የወጣው ሰፊ ጥናት፣ በተማሪዎች ውጤት መካከል ላለው ልዩነት ከትምህርት ቤቱ ሀብት ይልቅ የቤተሰቡ ሁኔታ የበለጠ ድርሻ እንዳለው ገለጸ። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ የቤተሰብ ድርሻ መኖር አለመኖሩ ላይ መሆኑ ቀርቶ፣ ከድርሻዎቹ የትኛው ይጠቅማል ወደሚለው ዞረ። መልሱ ብዙ ወላጅ ከሚጠብቀው ይለያል። ሃሪስ ኩፐርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 የቀደሙ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ በታችኛዎቹ ክፍሎች የቤት ሥራ ብዛትና የተማሪው ውጤት ያላቸው ግንኙነት ደካማ ሆኖ አገኙት። ኪት ሮቢንሰንና አንጀል ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት መጽሐፍ ደግሞ፣ የወላጅ ተሳትፎ ተብለው ከሚዘረዘሩት ነገሮች ብዙዎቹ፣ ልጅ አስቀምጦ የቤት ሥራ ማሠራትን ጨምሮ፣ ከውጤት መሻሻል ጋር እንደማይያያዙ ጻፉ። ጥናቶቹ የአሜሪካ ናቸውና እንዳሉ ባልባላ ወደምትባለው የጅቡቲ ከተማ ዳርቻ ሊዛወሩ አይችሉም። ሆኖም ወላጅ ሁለተኛ መምህር ልሁን ሲል ብዙ ጊዜ እንደማይሳካለት ማመልከታቸው፣ ወላጁ የመምህሩን ቋንቋ በማያውቅበት ከተማ ይበልጥ ይሠራል።

ፈረንሳይኛ በማይነገርበት ቤት የመጀመሪያው ፈተና የሚመጣው ከቅን ምክር ነው። አንዳንድ ወላጅ የትምህርት ቤቱን ቋንቋ ቶሎ እንዲለምድ ብሎ ከልጁ ጋር በተሰባበረ ፈረንሳይኛ ማውራት ይጀምራል። ውጤቱ ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። ካናዳዊው ምሁር ጂም ከሚንስ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲያስረዳ እንደኖረው፣ ልጅ በአንድ ቋንቋ ያዳበረው የማሰብ፣ የማስረዳትና የማንበብ ችሎታ ወደ ሌላው ቋንቋ ይሻገራል። የምክንያትንና የውጤትን ግንኙነት በአማርኛ የተረዳ ልጅ በፈረንሳይኛ የሚቀረው ቃሉን መማር ብቻ ነው፤ በየትኛውም ቋንቋ ያልተረዳው ግን ሁለት ሥራ ይጠብቀዋል። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1953 ባወጣው ሰነድ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ትምህርት ቢጀምር እንደሚሻለው መክሮ ነበር። ኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲዋ ይህን ስትከተል፣ ጅቡቲ ከነፃነቷ ከ1977 (እ.ኤ.አ.) በኋላም ፈረንሳይኛን የማስተማሪያ ቋንቋ አድርጋ ቀጥላለች። ትምህርት ቤቱ ያልሰጠውን የአፍ መፍቻ ቋንቋ መሠረት መስጠት እንግዲህ ለቤተሰቡ የቀረ ሥራ ነው።

ይህ ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ከልጅ ጋር እንደ ሰው ማውራትን ነው። «ዛሬ ምን ተማርክ?» ብሎ በአንድ ቃል መልስ ረክቶ ከመተው፣ የተማረውን በቤቱ ቋንቋ ከነምክንያቱ እንዲያስረዳ መጠየቅ ይሻላል። ውሃ እንዴት እንደሚተን በክፍል የሰማ ልጅ፣ የአሳል ሐይቅ ዳር ለምን በጨው እንደተሸፈነ ለእናቱ በአማርኛ ሲያብራራ፣ ትምህርቱን ማስታወስ ብቻ ሳይሆን መረዳቱን እየፈተሸ ነው። አያት ካለች ተረቷ፣ እንቆቅልሿ፣ ከዚያም በላይ «እንቆቅልህ» እያለች ስታቆየው ልጁ የሚያዳብረው የማዳመጥ ትዕግሥት ሁሉ ለንባብ መሠረት ነው። የሶማሌ ቤተሰቦችም በግጥምና በእንቆቅልሽ ሀብታቸው ከማንም አያንሱም። የጅቡቲ ሬዲዮና ቴሌቪዥን በፈረንሳይኛ፣ በዓረብኛ፣ በሶማሊኛና በአፋርኛ ያሰራጫል። አንድን ዜና በሶማሊኛ ሰምቶ በፈረንሳይኛው ደግሞ መስማት ለአራተኛና ለአምስተኛ ክፍል ልጅ ጥሩ ልምምድ ነው። አማርኛ ተናጋሪው ልጅ በመንደሩ ሶማሊኛን ስለሚለምድ፣ ይህ በር ለእሱም ክፍት ነው።

ፊደል የቆጠረ ልጅ ሌላ ጥቅም ይዞ ይገባል። በአጥቢያ ካሉ ካህን ወይም ከእናቱ ፊደል የተማረ ልጅ፣ ድምፅ በምልክት እንደሚጻፍ አስቀድሞ ያውቃል። ለእሱ አዲሱ ነገር በአማርኛ «ባ» ተብሎ በአንድ ቅርጽ የሚጻፈው ድምፅ በፈረንሳይኛ ለሁለት ፊደላት መከፈሉ፣ ከዚያም ብዙ የሚጻፉ ፊደላት የማይነበቡ መሆናቸው ነው። ይህን አንድ ጊዜ ማሳየት ማንበብ ለሚችል ማንኛውም ወላጅ ይቻለዋል። ዱግሲ በሚባለው የቁርኣን ትምህርት ቤት ያለፈውም ልጅ በቃል የመያዝና የመቀመጥ ልምዱን ይዞ ይመጣል፤ ከቀኝ ወደ ግራ የለመደችው ዓይኑ ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ ትቸገራለች።

ለኢትዮጵያውያን ወላጆች አደገኛው ነገር ግማሽ እውቀት ነው። ስምንተኛ ወይም አሥረኛ ክፍል የደረሰ ወላጅ የሚያውቀው እንግሊዝኛ ነው፤ የላቲን ፊደል አንድ ስለሆነም ልጁን በዚያው ያስቆጥረዋል። ነገር ግን በእንግሊዝኛ «ኤ» የሚባለው የመጀመሪያው ፊደል በፈረንሳይኛ «አ» ነው። በእንግሊዝኛ «ኢ» ተብሎ የሚጠራው አምስተኛው ፊደል በፈረንሳይኛ «ኧ» ሲሆን፣ ፈረንሳይኛ «ኢ» የሚለው ዘጠነኛውን ነው። መምህሯ በቃል ጽሕፈት አንዱን ስትጠራ ልጁ ሌላውን ይጽፋል፤ ሰነፍ ተብሎ ይመዘገባል፤ ቤት ሲገባም ያጠናውን ስለሳተ ይገሠጻል። ፊደል ከማስቆጠር በፊት የፊደላቱን የፈረንሳይኛ አጠራር ከጎረቤት ተማሪ መማር፣ ወይም ማስቆጠሩን ጭራሽ መተው፣ ከዚህ ዓይነቱ እርዳታ ይሻላል።

በሒሳብም እንዲሁ ነው። በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ሲካፈል አካፋዩ በግራ ይቀመጣል፤ ድርሻው ከላይ ይጻፋል። በፈረንሳይ ሥርዓት ተካፋዩ በግራ፣ አካፋዩ ከቋሚው መስመር በስተቀኝ፣ ድርሻውም ከአካፋዩ ሥር ነው። ስሌቱ አንድ ነው፤ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ግን በወረቀቱ ላይ ያለውን ቦታ ከስሌቱ ለይቶ አያይም። ነጠላ ሰረዝም ሌላ ወጥመድ ናት። ኢትዮጵያዊው አባት 1,500 ሲል አንድ ሺህ አምስት መቶ ማለቱ ነው፤ በፈረንሳይኛ መጽሐፍ ያው ጽሑፍ አንድ ተኩል ማለት ነው። 70ን «ስልሳ አሥር»፣ 90ን «አራት ሃያ አሥር» የሚለው የፈረንሳይኛ አቆጣጠር፣ «ሰባ» እና «ዘጠና» ብሎ ለለመደ ልጅ ለብቻው ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። ሰዓቱ ደግሞ በስድስት ይለያል፤ ልጁ ቤት ውስጥ «አንድ ሰዓት» ብሎ የሚያውቀው የመግቢያ ሰዓት በክፍሉ ሰሌዳ ላይ ሰባት ነው። ወላጁ ማድረግ የሚችለው ሁለቱን ሥርዓቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ «እዚህ እንዲህ፣ እዚያ እንዲያ» ማለት ነው። ገበያ ላይ ግን ወላጁ ነጻ ነው። ዳቦ፣ ቲማቲምና ሳሙና ገዝቶ በጅቡቲ ፍራንክ መልስ የሚቆጥር ልጅ በማንኛውም ቋንቋ ቢቆጥር እውነተኛ ሒሳብ እየሠራ ነው።

የቤት ሥራውን ይዘት ለማስረዳት ቤቱ ውስጥ ሁለት ሰዎች ይቀራሉ፤ ታላቅ ወንድም ወይም እህት፣ ካልሆነም ተከፋይ አስጠኚ። ታላላቆቹ ትምህርት ቤቱንም መምህሩንም ስለሚያውቁ ብዙ ጊዜ ከአስጠኚው የተሻሉ ናቸው፤ ጉዳታቸው ለመገላገል ሲሉ ሥራውን ራሳቸው ሠርተው መስጠታቸው ነው። አስጠኚ መቅጠር ለቻለ ቤተሰብ ገንዘቡ ጥቅም የሚሰጠው፣ የቤት ሥራ ለማስጨረስ ሳይሆን ልጁ ጮክ ብሎ እንዲያነብና በፈረንሳይኛ እንዲያወራ ሲውል ነው፤ ቤቱ ሊሰጠው የማይችለው ይህን ብቻ ነውና። ለዚህ የግድ መምህር አያስፈልግም። በመንደሩ ያለ የሊሴ (የሁለተኛ ደረጃ) ተማሪ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢያስነብበው ይበቃል። ወላጁ አጠገብ ተቀምጦ ባይገባውም ማዳመጡ ዋጋ አለው። ልጁ እየተንተባተበ ነው ወይስ እየተንደረደረ፣ ከትናንት ዛሬ ፈጥኗል ወይስ አልፈጠነም የሚለውን ለማወቅ ቋንቋውን ማወቅ አያስፈልግም።

የቀኑ አደረጃጀት ከቋንቋው ቀጥሎ የሚመጣ ጉዳይ ነው። በመማሪያ ክፍል እጥረት ምክንያት በከተማዋ ብዙ ትምህርት ቤቶች አንድ ክፍል ለሁለት ቡድን በፈረቃ ያገለግላል፤ ስለዚህ ልጁ ግማሽ ቀን ከትምህርት ቤት ውጭ ነው። ይህ ግማሽ ቀን የማን ነው? በባልባላ ጠባብ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከቀትር በኋላ ያለው ሰዓት ከሁሉም የከፋ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ይዘልቃል፤ ካምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስ አሸዋ ይዞ ይገባል። ሙቀት ትምህርትን እንደሚጎዳ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት፣ የአየር ማቀዝቀዣ በሌላቸው ትምህርት ቤቶች ዓመቱ በአማካይ በ1 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ከ0.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች፣ በሞቀ ቁጥር የዚያ ዓመት ትምህርት በ1 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አስልቷል። ለጅቡቲ ቤተሰብ ከዚህ የሚወጣው ምክር ቀላል ነው። ጥናት ለማለዳ ወይም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ላለው ሰዓት ይቀመጥ፤ ቀትሩ ለእንቅልፍ ይተው፤ ልጁ ውሃ ይዞ ይሂድ።

ከቀትር በኋላ ያለው ሰዓት ሌላም ባለቤት አለው። ከኢትዮጵያ የሚገባው ጫት ቀትር ላይ ሲደርስ ከተማዋ ሥራዋን ትዘጋለች፤ በብዙ ቤት በርጫው ይዘረጋል። ስለ ጫት የሚባለው ብዙ ነው፤ ለልጅ ትምህርት ግን ጉዳዩ ሦስት ነገር ላይ ይወድቃል፦ ገንዘብ፣ ቦታና ሌሊት። የዕለቱ ዋጋ ከደብተርና ከቁርስ ጋር ይሻማል። እንግዳ የሚቀመጥበት ክፍል ብዙ ጊዜ ልጁ የሚጽፍበት ብቸኛ ክፍል ነው። በምርቃና የሚያመሽ ቤት ደግሞ ልጁንም ያስመሻል። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት። የጠዋት ፈረቃ ያለው ልጅ ይህን ለማግኘት ከምሽቱ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ላይ መተኛት ይኖርበታል፤ በሞቃት ከተማ፣ ሰው ሁሉ ሲበርድ በሚወጣበት ሰዓት፣ ይህን ማስከበር ከማንኛውም የቤት ሥራ እርዳታ ይከብዳል። ምናልባት የበለጠ የሚጠቅመውም እሱ ነው። ቁርስ ላይ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ዳቦ በሻይ እንኳ ቢሆን ባዶ ሆድ ከመሄድ ይሻላል፣ እንቁላል ወይም ፉል ከተገኘ ደግሞ የተሻለ ነው። ሰሌዳውን አላየሁም የሚል ልጅ ዓይኑ፣ ሲጠሩት የማይሰማ ልጅ ጆሮው ይመርመር፤ ግትር ተብለው ከሚቀጡት መካከል የማይሰሙ አሉ።

የሴት ልጆች ትርፍ ሰዓት በአብዛኛው ለታናናሾች ጥበቃና ለወጥ ቤት ይሄዳል። እናት በሰው ቤት ተቀጥራ ስትውል የቤቷ ሸክም በዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ላይ መውደቁ የተለመደ ነው። ይህን በምክር ማስቀረት አይቻልም። ሆኖም በቀን አንድ የማይነካ ሰዓት ለእሷ መለየት፣ ሥራውንም ለወንድሟ ማካፈል፣ በድህነት ውስጥም የሚቻል ውሳኔ ነው።

ሰነድ ብዙ ኢትዮጵያውያንን የሚያስቸግር ጉዳይ ነው። ለመንግሥት ትምህርት ቤት ምዝገባ የልደት ማስረጃ ይጠየቃል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ የልደት ቀን ወደ እ.ኤ.አ. ሲመለስ ስህተት ይበዛል፤ ለምሳሌ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ የ2017 ልጅ ነው፣ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ግን የ2018። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት በጅምላ መደመር ልጁን ያለ ዕድሜው ያስመዘግበዋል፤ ስህተቱም በኋላ በፈተና ምዝገባ ላይ ይገለጣል። ልጁ በጅቡቲ ከተወለደ ልደቱን ያኔውኑ ማስመዝገብ የኋላ ድካም ይቀንሳል። ስደተኞችን በሚመለከት፣ በጥር 2017 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የስደተኞች ሕግ ትምህርትን ጨምሮ የአገሪቱን አገልግሎቶች ለመክፈት መንገድ የጠረገ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የኢጋድ አባል አገሮች የስደተኛ ልጆችን በብሔራዊ የትምህርት ሥርዓት ለማካተት የተስማሙበትን ሰነድ ያጸደቁት እዚሁ ጅቡቲ ላይ ነው። ወረቀት የሌለው ልጅም ሙሉ በሙሉ በር አልተዘጋበትም። የካቶሊክ ሀገረ ስብከት በፈረንሳይኛ «ማንበብ፣ መጻፍ፣ መቁጠር» የሚል ትርጉም ባለው ስም የሚያካሂዳቸው ትምህርት ቤቶች ከመደበኛው ሥርዓት ውጭ የቀሩ ልጆችን ይቀበላሉ። ካሪታስ የተባለው የካቶሊክ የእርዳታ ድርጅትም ጎዳና ላይ ለሚውሉ ልጆች ማዕከል ከፍቶ ቆይቷል፤ ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ከኢትዮጵያ የመጡ ናቸው።

ከትምህርት ቤቱ ጋር የሚደረገው ግንኙነት በኢትዮጵያ ወመህ እየተባለ በሚታወቀው የወላጅ መምህራን ኅብረት ልምድ ለመጣ ሰው እንግዳ አይደለም፤ በጅቡቲም የተማሪ ወላጆች ማኅበራት አሉ። ነገር ግን ፈረንሳይኛ የማያውቅ ወላጅ ስብሰባ ላይ ዝም ብሎ ተቀምጦ ይመለሳል፤ ቀጥሎም መሄዱን ይተዋል። ለእሱ ከስብሰባው ይልቅ በዓመቱ መጀመሪያ መምህሩን ለአምስት ደቂቃ ለብቻ ማግኘት ይጠቅማል። አስተርጓሚው ልጁ ራሱ መሆን የለበትም፤ ስለ ራሱ የሚነገረውን ነቀፋ አለዝቦ መተርጎሙ አይቀርም። ጥያቄዎቹም ቁርጥ ያሉ ይሁኑ። «ጎበዝ ነው?» ከሚለው ይልቅ «ጮክ ብሎ ሲያነብ ይቆማል? የቀረባቸው ቀናት ስንት ናቸው? ከኋላ ነው የሚቀመጠው?» ማለት መልስ ያስገኛል። መምህራን ብዙዎቹ ሶማሊኛ ወይም አፋርኛ ተናጋሪዎች ስለሆኑ፣ በመንደሩ ሶማሊኛ የለመደ ኢትዮጵያዊ ወላጅ ፈረንሳይኛ ባይኖረውም ከመምህሩ ጋር ይግባባል። ይህን መንገድ አስቀድሞ የሚሞክር ግን ጥቂት ነው።

ስለ ቅጣት አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። በብዙ ኢትዮጵያዊ ቤት ደካማ ውጤት በልምጭ ወይም በኩርኩም ይመለሳል፤ «በልጅነቴ እኔም ተመትቻለሁ» የሚለው መከራከሪያ ነው። ልጁ በማያውቀው ቋንቋ እየተማረ ለሚሠራው ስህተት ሲመታ ግን የሚማረው ስህተቱን መደበቅን ነው። ደብተሩ ቤት መምጣቱን ያቆማል፤ ወላጁም ብቸኛ የመረጃ ምንጩን ያጣል። ቀይ እርማት የበዛበትን ገጽ ሳይቆጡ ማየትና «የቱን ነው ዛሬ ያወቅከው?» ብሎ መጠየቅ፣ ደብተሩ ነገም እንዲመጣ ያደርጋል።

በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ በፈረንሳይኛ ምኅጻሩ ኦ.ቴ.ኢ. የሚባለው አገር አቀፍ ምዘና ይጠብቃል። ቤተሰቦች በዚያ ዓመት ድንገት ይነቃሉ፤ አስጠኚ ይቀጠራል፣ ቴሌቪዥን ይዘጋል። ምዘናው የሚለካው ግን በአንድ መንፈቅ የማይሞላ የንባብና የሒሳብ ችሎታ ስለሆነ፣ ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ በየቀኑ ሩብ ሰዓት ጮክ ብሎ ማንበብ የለመደ ልጅ ቀድሞ ይገኛል። በኮሌዥ ነገሩ ይለወጣል። የአንድ መምህር ክፍል ይቀርና ለእያንዳንዱ ትምህርት ሌላ ሰው ይመጣል፤ ትምህርት ቤቱም ከሰፈር ሊርቅ ይችላል። ናንሲ ሂልና ዳያና ታይሰን እ.ኤ.አ. በ2009 በዚህ ዕድሜ ላይ ያሉ ልጆችን የሚመለከቱ ጥናቶችን አሰባስበው ሲያመዛዝኑ፣ ከወላጅ ተሳትፎ ዓይነቶች ሁሉ ከውጤት ጋር ይበልጥ የተያያዘው ስለ ትምህርት ዋጋና ስለ ወደፊት ዕቅድ ከልጁ ጋር መነጋገር ሆኖ አገኙት፤ የቤት ሥራ እርዳታ ግን ከውጤት ጋር አዎንታዊ ግንኙነት አልታየበትም። የኮሌዥ ወላጅ እንግዲህ ደብተር ከመፈተሽ ይልቅ ልጁ ወደየት እንደሚሄድ አብሮት ማውራት ይጠበቅበታል። መምህራኑ በርካታ ስለሆኑም፣ ችግር ሲመጣ የሚያነጋግረው የትምህርት ቤቱ ሰው ማን እንደሆነ በምዝገባው ሳምንት ጠይቆ ስሙንና ስልኩን መያዝ አለበት።